ጠጥቶ ነው የመጣ

ጋፋት፣ ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ለምትደክሚው ለእህቴ ለብርቱካን፤ ኩዌት።

የሰማይ የምድሩ ጌታ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ። ዛሬ ሆሳዕና ነው፤ ላንቺም የዘንባባ ቀለበት አስሬ በር ላይ ሰቅየዋለሁ። እኛ ደህና ነን። ዳልቻዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ወንድ ነው። ዝናቡ ግን ገና ደጅ አልደረሰም።

ወንድማችን ዘርትሁን በሥራው ላይ ሳለ እግሩን ትንሽ ነካ አድርጎት ሐኪም ቤት ሰንብቷል። የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ለመድኃኒት የምትችይውን ብትልኪለት መልካም ነው። ያንን ለፋሲካ እልክልሃለሁ ያልሽውን ጫማ ግን ለጊዜው ተዪው። እሱም ሰላም በሉልኝ ብሎሻል፤ እጁ አልመች ስላለው ነው ያልጻፈልሽ።

በጸሎቱ የማይረሳሽ ታላቅ ወንድምሽ፣
ዋልልኝ

ኩዌት
ግንቦት 29 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለአያ ዋልልኝ።

ከዚህ አሸዋ መካከል ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ። እንዲህ አጣድፌ የምጽፈው ማዳሜ ሠርግ ስለሄደች ነው፤ እሷ ካለች ብዕር መያዝም ወንጀል ነው።

አያ፣ ደብዳቤዎን አንዴ አነበብሁትና ተመስገን አልሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ። የተነካው እግሩ ከሆነ እጁ ምን ሆኖ ነው አልጽፍ ያለው? ነው ወይስ እስከ ዛሬ በእግሩ ነበር የሚጽፍልኝ? ያ ጫማ ወዳድ፣ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ የሰኔን ገበያ የሚቀር ልጅ፣ ጫማ ይቅርብኝ አለ? ሐሰት ነው፣ እኔ ልሙት! አንቱ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ነዎት፤ ውሸት አይችሉበትም፤ ይተዉት።

እዚህ ያለነው ልጆች ሁሉ የምንደነግጠው "ደህና ነን" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ነው። ልጁን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሞቶ ከሆነ መርዶውን ይንገሩኝና አልቅሼ ይውጣልኝ። ለመድኃኒት ያሉትን በሐዋላ ልኬያለሁ። እውነቱን ይላኩልኝ።

እህትዎ ብርቱካን

ጋፋት
ነሐሴ 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለብርቱካን።

ፍልሰታን በሰላም ያስጨርስሽ፤ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምሽ።

መርዶ ያልሽው ቃል አስቀይሞኛል። አልሞተም። ነገር ግን ነገሩን ከሸሸግሁሽ ወዲህ እኔም እረፍት የለኝም፤ ስለዚህ ቁጭ በይና አንብቢው። የዘርትሁን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጋፋት ማዶ ለመንገድ ሥራው የተተከለ የድንጋይ መፍጫ አለ፤ እዚያ በቀን ሠራተኛነት መግባቱን ታውቂያለሽ። የደብረ ዘይት ማግስት ሰኞ፣ ያ ሎደር የሚሉት ድንጋይ የሚዝቅ መኪና፣ ጎማው የሰው ቁመት የሚያህለው፣ ወደ ኋላ መጣበት። ወደ ኋላ ሲሄድ ተጠንቀቁ ብሎ የሚጮኸው ነገር ከተበላሸ ከርሟል። ከኋላው ቆሞ በእጁ የሚመራውንም ሰው ፎርማኑ ወርቁ "አካፋ ያዝ" ብሎ ወደ ሌላ ሥራ ልኮታል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ በዲጅኖ ሲፈነቅል ጎማው ጉልበቱ ላይ ወጣ። ጩኸቱን ማሳዬ ላይ ሆኜ ሰምቸዋለሁ፤ የማን መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ሐኪም ቤት ስደርስ ወርቁ በሩ ላይ ቆሟል። ሐኪሙ ማደንዘዣ ሊሰጠው ፈልጎ "ዛሬ ምን በልቷል?" ብሎ ጠየቀኝ። "ኧረ እህል የሚባል በአፉ አልዞረም፤ ጠጥቶ ነው የመጣ" አልሁት። ያን ሰሞን ሆዱን እያመመው ጠዋት ጠዋት ቄስ ማሩ ዘንድ ጠበል ይጠጣ ነበርና። ሐኪሙ ጎበዝ ሰው ነው፤ ጊዜ ሳይወስድ አስገባው፤ ነፍሱ ተረፈች።

አሁን ድርጅቱ ምን ቢል ደግ ነው? "ልጁ ሰክሮ ነበር፤ ሰክሮ ሥራ ለገባ ሕጉ ካሳ አይፈቅድም" አለ። ዘርትሁን! የማኅበር ጠላ እንኳ ከንፈሩን አስነክቶ የሚመልስ ልጅ! ይህን ወሬ ማን እንዳወጣው እንጃ፤ መቼም ጠላት አይጠፋም። ወሬው ገበያ ወጥቶ ያጨንለት የአንበሳሜዋ ልጅ አባት "ለሰካራም የምሰጣት ልጅ የለችኝም" ብሎ ላከብን። ስለ እግሩ አንድ ቀን አላማረረም፤ "ሰካራም" መባሉ ግን ከሰው ለይቶታል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄድ ሰው ከወጣ በኋላ ነው።

ደግነቱ ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል። ወርቁ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቄስ ማሩ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሽማግሎቹን አስከትለው ደጄ ላይ ቆሙ። "ሕጉ ባያስገድደንም ለነፍሳችን ስንል በሬ መግዣ እንሰጣለን፤ እርቅ ይሁን" ነው የሚሉት። መስቀል የያዘ ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል? "ድንጋዩን አውርድ" አልሁት። እርቁ ለሰኔ ሚካኤል ተብሎ ነበር፤ አሁን ለመስቀል ተላልፏል። ድግሱ እንዳያሳፍረን የሙክት መግዣ ብትልኪ መልካም ነው።

ወንድምሽ ዋልልኝ

ኩዌት
ኅዳር 18 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ዋልልኝ።

ሰላምታዬም ብዙ ነው፣ ቁጣዬም ብዙ ነው፤ የቱን እንደማስቀድም ቸግሮኛል። ደብዳቤዎ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ከርሞ ገና አሁን እጄ ገባ። ማዳሜ ከቤት አላስወጣ ብላኝ ነበር፤ ስልኩንም ቆልፋዋለች።

አልቅሻለሁ። የማሳድጋት ሕፃን እንኳ ምን እንደሆንሁ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ እንባዬ ሳይደርቅ ያቺን መስመር አየኋት። "ይህን ወሬ ማን እንዳወጣው እንጃ" ይላሉ! አያ፣ በሚካኤል! አንቱ ነዎት እኮ! "ጠጥቶ ነው የመጣ" አሉ፤ ወርቁም በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፤ ሄዶም ለድርጅቱ ነገረ። በእኛ ቤት በጾም ጠዋት "ጠጥቶ መጣ" ሲባል ጠበል መሆኑን ድመቷም ታውቃለች። ወርቁ ግን የእኛ ቤት ድመት አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይቺ ናት።

አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ። እዚህ ፈንታነሽ የምትባል የባሕር ዳር ልጅ አለች። ባሏ ፋብሪካ ሲሠራ እጁን ማሽን በልቶት፣ ከሶ ካሳውን የተቀበለ ነው። ሠራተኛ ሥራ ላይ ሳለ ከተጎዳ ድርጅቱ አጠፋም አላጠፋም ይከፍላል ትላለች። ሠራተኛው ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ካሳውን የሚያስቀረው እንደ ሰክሮ መግባት ያለ ነገር ነው። ለዚህ ነው ያቺን ቃልዎን ድርጅቱ እንደ ወርቅ የያዛት! ደግሞም ቀን አለው፤ አደጋው ከደረሰ ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል። መጋቢት ሃያ ሁለት!

እርቁ ከሰኔ ሚካኤል ወደ መስቀል የተላለፈው ሙክት ጠፍቶ ይመስልዎታል? ቀን እየበሉብን እኮ ነው! ድንጋይ ተሸክሞ መጣ ይሉኛል ደግሞ። ድንጋይ መፍጫ ለሚውል ሰው ድንጋይ ምን ይከብደዋል? እንጀራው ነው!

ለእርቅ ሙክት አልልክም። ለክስ ከሆነ ያለኝን ሁሉ እልካለሁ። ቄስ ማሩን ይዘው ፍርድ ቤት ይሂዱ፤ ጠበሉን በእጃቸው ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ብርቱካን

ጋፋት
ጥር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለብርቱካን። ጤና ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን አየሁት። የታናሽ እህት ደብዳቤ አይመስልም። እኔ ነኝ ወንድሜን ያሰከርሁት? ዐረብ አገር የሄደች ሁሉ ዳኛ ሆነች! ደም እየፈሰሰው በጭንቅ ሰዓት ከሐኪም ጋር የተነጋገርሁትን ቃል አንቺ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ እንደ ቅኔ ትፈቺዋለሽ።

ቄስ ማሩንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ አልጠየቀም እንዳትይኝ። "ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጬ ለአንዱ ወገን ምስክር አልቆምም፤ ነውር ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው። በአባታችን ቤት ሽማግሌ መልሶ የሚያውቅ የለም፤ በእኔም አይጀመርም። እርቁ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ነገሩ በዚሁ ይብቃ።

ዋልልኝ

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

እታለም፣ እኔ ነኝ፣ ዘርትሁን። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ስለሆንሁ ከፍቼ ይህን ጨመርሁበት። አያ ተቆጥተው ጻፉልሽ እንጂ ደብዳቤሽን ካነበቡ ወዲህ እህል በወጉ አይበሉም፤ በሐኪም ቤቱ በር ማለፍ ትተው ዞረው በላይኛው መንገድ ነው የሚሄዱ።

እኔ የበሬ መግዣ አልፈልግም። በየትኛው እግሬ ቆሜ ላርስበት? እኔ የምፈልገው አንድ ሰው፣ የሚታመን ሰው፣ ተነሥቶ "አልሰከረም" እንዲልልኝ ነው። እኔ ብለው ማን ያምነኛል? ሰካራምም ቢሆን አልሰከርሁም ነው የሚል።

ኩዌት
የካቲት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ዋልልኝ።

እግርዎ ላይ ወድቄ ሰላም እላለሁ። ይህን ደብዳቤ የምልከው በፈንታነሽ እጅ ነው፤ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ልትገባ ነው። ከባሕር ዳር እራሷ ታመጣልዎታለች። በፖስታ ቢሆን ቀኑ ያልፍብናል።

ባለፈው አፌን ከፍቼብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናትም አባትም የሆኑልን አንቱ ነዎት። ወንድምዎን ለመጉዳት እንዳልተናገሩ እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" እያሉ ነው ያሳደጉን። ታዲያ የተናገሩት ቃል ሰው እጅ ወድቆ ወንድምዎን ሲያዋርደው ዝም ብለው ያያሉ? ሰው አይክሰሱ፤ ቃልዎን ያስመልሱ። እንዲያ አድርገው ያስቡት።

ሽማግሌ መመለስ ነውር መሆኑን አልረሳሁም። ነውሩን በእኔ ያድርጉት። "ያቺ ዐረብ አገር ያለች እህቴ አስገደደችኝ" ይበሉ። የሚወቅሰኝ ካለ ድንጋዩን ተሸክሞ ኩዌት ድረስ ይምጣ።

አያ፣ ፈርቻለሁ። አንድ እግር ኖሮት የሚኖር ሰው አይቻለሁ። ቀን በቀን ስሙ እየተነሣ የሚኖር ሰው ግን ውሎ አድሮ ገመድ ነው የሚያይ። መጋቢት ሃያ ሁለት ካለፈ ልጁን አናተርፈውም። እባክዎ፣ እባክዎ።

እህትዎ ብርቱካን

ጋፋት
ሰኔ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፣ ለቤታችን ምሰሶ ለብርቱካን።

ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ድምፅሽን ያሰማኝ አምላክ በደህና ይመልስሽ። እስካሁን ያልጻፍሁልሽ መጨረሻውን ሳላይ ላለመናገር ነው። አፌን ፈርቸዋለሁ።

ፈንታነሽ ደብዳቤሽን ያመጣችልኝ ዕለት አንብቤ ሳልጨርስ ጋቢዬን አጣፍቼ ቄስ ማሩ ቤት ሄድሁ። ሽማግሎቹን አስጠራሁ፤ ወርቁም መጣ። ቆሜ "ሽምግልናውን አፍርሻለሁ" አልኋቸው። እንዲህ ያለ ቃል ከእኔ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። በእህቴ ላሳብብ ብዬ ነበር፤ አፍሬ ተውሁት። አንደኛው ሽማግሌ "የዋልልኝ ቤት ሽማግሌ መላሽ ሆነ!" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ እስከ ዛሬም ሰላም አይሉኝም። ወርቁ በቁጣ ወጣ። ቄስ ማሩ ብቻ "እንግዲያስ እኔም ከሽምግልናው ተፈታሁ" ብለው መስቀል አሳለሙኝ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ፈንታነሽ ክሱን አስጽፋ፣ መዝገብ ቤት ድረስ አብራን ገብታ ነው የሄደች። ቀኑ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነበር።

የምስክር ቀን የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣና "ወንድሙ እራሳቸው ጠጥቷል ብለዋል" አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

"ብለዋል?"

"ብያለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

ሰዉ አጉረመረመ።

"ምን ጠጥቶ?"

"ጠበል ነዋ!"

"ታዲያ ለምን ጠበል አላሉም?"

"በዐቢይ ጾም፣ በጠዋት፣ ክርስቲያን ጠጥቶ መጣ ሲባል ሌላ ምን ይጠጣል?" አልሁ። በሚገባ የመለስሁ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ጠበቃው ፈገግ አለና "ጠላ ፍስክ ነው እንዴ፣ አባቴ?" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ብርቱካን። እኔው በጾም ስንት ዋንጫ ጠላ የጠጣሁ ሰው ነኝ! ሰዉ ሳቀ። ዘርትሁን አንገቱን ደፋ። ለሁለተኛ ጊዜ በአፌ የቀበርሁት መሰለኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከዚያ ቄስ ማሩ ተጠሩ። ይማሉ ሲባሉ "ካህን አይምልም፤ በክህነቴ እናገራለሁ" አሉ። "ጠበሉን በእጄ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ሌላ መጠጥም እንዳይቀምስ ያዘዝሁትም እኔ ነኝ። መፍጫው ከቤተ ክርስቲያናችን ሥር ነው፤ ከእኔ ተለይቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሥራው ሲወርድ በዓይኔ አይቸዋለሁ።" ጠበቃው "ይህን ካወቁ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?" ቢላቸው "ሽማግሌ ነበርሁ። ሽማግሌ ስለ እርቅ እንጂ ስለ ጥፋት አይናገርም ብዬ ተቀመጥሁ። መኪናው እግሩን ቆረጠው፤ እኔ ደግሞ በዝምታዬ ስሙን ቆረጥሁት" አሉ።

ትናንት ፍርዱ ተነበበ። የሕክምናውም የጉዳቱም ካሳ ተፈርዶለታል። ይግባኝ እንላለን ይላሉ፤ ይበሉ። ዳኛው አንቀጽ በአንቀጽ ሲያነቡ ጊዜው ረዘመና ሰዉ እየተነሣ ወጣ። ጨርሰው መዝገቡን ሲያጥፉት ዘርትሁን ምርኩዙን ይዞ ተነሣ።

"ይቅርታ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያቺን ስለ ስካር ያለችዋን ብቻ አንዴ ይድገሙልኝ። ከኋላ ያሉት አልሰሙ ይሆናል" አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላ ማንም የለም፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ዳኛውም አይተዋል። ነገር ግን መዝገቡን መልሰው ገለጡና፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት፦

"ከሳሽ በአደጋው ዕለት ሰክሮ እንዳልነበረ በማስረጃ ተረጋግጧል።"

እኔ ሰምቻለሁ። አንቺም እንድትሰሚ ቃል በቃል ጻፍሁልሽ።

ታላቅ ወንድምሽ፣
ዋልልኝ